የማይገጥመው መስመር፦ የስህተት አያያዝ ከሜክሲኮ የሂሳብ መዝገብ እስከ ጃቫ

መረጃ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ሲጫን ሁሉም መስመር አይገባም። አንዱ ቁጥር በሚጠበቅበት ቦታ ፊደል ይዞ ይመጣል፤ ሌላው ቀደም ሲል የተመዘገበ መለያ ቁጥር ይደግማል፤ የሌላው ቀን ደግሞ በተቀባዩ አቆጣጠር ጨርሶ የለም። እንዲህ ያለው መስመር የሚገጥመው ዕጣ ከአራት አይበልጥም፦ ሥራውን በሙሉ ያስቆማል፣ ተለውጦ ይገባል፣ ተጥሎ ይቀራል፣ ወይም ከነምክንያቱ ለብቻው ተቀምጦ የሚያርመውን ሰው ይጠብቃል። በጃቫ የፕሮግራም ቋንቋ የዌብ ፍሬምወርኮች ውስጥ የኤክሴፕሽን፣ ማለትም በሥራ መካከል የሚነሣ ልዩ ሁኔታ፣ አያያዝ የሚባለው ሙያ ታሪኩ ከእነዚህ አራቱ መካከል የመምረጥ ታሪክ ነው። ምርጫው ግን ከኮምፒውተር በፊትም ነበረ።

በአዲስ አበባ ይህ ምርጫ በክፍል ውስጥ እንደ ትምህርት ከተሰጠባቸው ቀደምት ስፍራዎች አንዱ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። አደባባዩ ስሙን ያገኘው ሜክሲኮ የፋሺስት ኢጣሊያን ወረራ በመንግሥታቱ ማኅበር በግልጽ ከተቃወሙ ጥቂት አገሮች አንዷ ስለነበረች ነው፤ በሜክሲኮ ሲቲም በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ አደባባይና የምድር ባቡር ጣቢያ አለ። በአካባቢው በአንድ ወገን የሙያ ትምህርት ቤቱ ተግባረ ዕድ፣ በሌላው ወገን ኮሜርስ ይገኛሉ። ኮሜርስ እ.ኤ.አ. በ1943 የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ሆኖ ተቋቋመ፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። ለባንኮች፣ ለመሥሪያ ቤቶችና ለንግድ ድርጅቶች ጸሐፊዎችንና የሂሳብ ሠራተኞችን ያወጣ የነበረው ይህ ትምህርት ቤት ነው።

የሂሳብ አያያዝ ትምህርት ለማይገጥም ቁጥር ጥብቅ ሥርዓት አለው። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በዴቢትና በክሬዲት ሁለት ጊዜ ይመዘገባል፤ በወሩ መጨረሻ የሙከራ ሚዛን ሲሠራ ሁለቱ ወገኖች እኩል ካልመጡ አንድ ቦታ ስህተት አለ ማለት ነው። ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ የሂሳብ ሠራተኛው መጀመሪያ የሚፈልገው ቦታ የተቀያየሩ አኃዞችን ነው፤ 540 መጻፍ ሲገባው 450 የጻፈ እጅ የ90 ብር ልዩነት ይተዋል። ስህተቱ ወዲያው ካልተገኘ መዝገቡ አይዘጋም፣ ቁጥሩም በግምት አይስተካከልም። ልዩነቱ ቦታው እስኪታወቅ ድረስ በጊዜያዊ ሂሳብ ተይዞ ይቆያል። ሲገኝም የቀድሞው ምዝገባ አይፋቅም፤ ቀንና ማብራሪያ ያለው የማስተካከያ ምዝገባ ይጨመርበታል። ዛሬ ለዳታ ጭነት ኮድ የሚጻፉ መመሪያዎች በብዙ መንገድ የሚመለሱት ወደዚህ ሥርዓት ነው።

የካርድ ማሽን ዘመን ሌላ ልማድ ጨመረ። መረጃ በካርድ ላይ ቀዳዳ ሆኖ ሲመዘገብ፣ ሁለተኛ ሠራተኛ ያንኑ ሰነድ በማረጋገጫ ማሽን ላይ ደግሞ ይመታው ነበር። የሁለቱ ምት ካልተስማማ የአይቢኤም ማረጋገጫ ማሽን በካርዱ የላይ ጠርዝ፣ ስህተቱ ካለበት ዓምድ በላይ ምልክት ይቆርጣል፤ ከተስማማ ምልክቱ በጎን በኩል ይሆናል። ሥራው አልቆመም፣ የተሳሳተው ካርድም አልተጣለም፤ የትኛው ዓምድ እንደተሳሳተ በላዩ ተጽፎበት ወደ አራሚው ሄደ።

ፕሮግራም ራሱ ስህተትን ለይቶ እንዲይዝ የማድረግ ሐሳብ በቋንቋ ደረጃ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በፒኤል ዋን ቋንቋ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ክፍል ሥራው ሲከሽፍበት ኮድ ቁጥር ይመልሳል፤ ጠሪው ቁጥሩን ካላየው ፕሮግራሙ ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል። በ1975 ጆን ጉዲናፍ ጉዳዩን በስፋት የመረመረ ጽሑፍ አወጣ፤ በዚያው ዘመን በኤምአይቲ ባርባራ ሊስኮቭ የመራችው ሲኤልዩ የተባለው ቋንቋ እያንዳንዱ ክፍል ምን ዓይነት ልዩ ሁኔታ ሊያስነሳ እንደሚችል አስቀድሞ እንዲያሳውቅ አደረገ። ያልተያዘ ኤክሴፕሽን ምን ያህል እንደሚያስከፍል ዓለም በግልጽ ያየው ጁን 4 ቀን 1996 ነው። አሪያን 5 ሮኬት ከተነሣች ከአርባ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ አቅጣጫዋን ስታ ወደመች። አንድ ባለ 64 ቢት ቁጥር ወደ ባለ 16 ቢት ሲለወጥ አልበቃ ብሎ ኤክሴፕሽን አስነሣ፤ የሚይዘው አልነበረም፤ የአቅጣጫ መሣሪያው ራሱን ዘጋ።

ጃቫ በ1995 ይፋ ሲሆን የሲኤልዩን ሐሳብ ወርሶ አጠበቀው። አንዳንድ ኤክሴፕሽኖችን ፕሮግራመሩ ካልያዛቸው ወይም እንደሚያስተላልፋቸው ካላስታወቀ ኮዱ ኮምፓይል አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1997፣ ኢንተርኔት ኢትዮጵያ ውስጥ አገልግሎት በጀመረበት ዓመት፣ ጃቫን ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘው ጄዲቢሲ ከቋንቋው ጋር ተካቶ ወጣ። ጄዲቢሲ ለሁሉም ዓይነት ችግር አንድ ኤክሴፕሽን ብቻ ነበረው፦ ኤስኪውኤል ኤክሴፕሽን። ግንኙነቱ ተቋርጦም ሆነ፣ መለያ ቁጥሩ ተደግሞም ሆነ፣ ጥያቄው ተሳስቶ ተጽፎም ሆነ፣ ስሙ ያው ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው በውስጡ ባለው ኮድ ሲሆን፣ ኮዱም በየዳታቤዙ ይለያያል፤ የተደገመ ቁልፍ በኦራክል 1፣ በማይኤስኪውኤል 1062፣ በፖስትግሬስ 23505 ነው።

ውጤቱ ከታሰበው ተቃራኒ ሆነ። እያንዳንዱ የዳታቤዝ ጥሪ እንዲያዝ ሲገደድ፣ በዚያ ቦታ ምንም ማድረግ የማይችለው ፕሮግራመር ስህተት የሚያዝበትን ካች የሚለውን ክፍል ከፍቶ ባዶውን መዝጋት ለመደ። ስህተቱ ተይዟል፤ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ተብሏል። ገጹ ባዶ ሠንጠረዥ ያሳያል፣ ተጠቃሚውም መረጃ የለም ብሎ ያምናል። መረጃ የለም ማለትና መረጃውን ማምጣት አልተቻለም ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ባዶው ካች አንድ አደረጋቸው። በዚህ ሙያ ከተፈጸሙ ጥፋቶች ሁሉ ይህ ከባዱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለውጡ የመጣው ከፍሬምወርኮች ነው። ሮድ ጆንሰን በ2002 ባሳተመው መጽሐፍ ያቀረበው ሐሳብ በ2004 ስፕሪንግ 1.0 ሆኖ ወጣ። ስፕሪንግ ኤስኪውኤል ኤክሴፕሽንን ተቀብሎ በየዳታቤዙ ኮድ መሠረት ትርጉም ያለው ስም ይሰጠዋል፤ የተደገመ ቁልፍ፣ የተጣሰ ደንብ፣ የተቋረጠ ግንኙነት እያለ ይለየዋል። ሁሉም ዳታ አክሰስ ኤክሴፕሽን በሚባል አንድ ቤተሰብ ሥር ናቸው፣ ፕሮግራመሩንም በየመስመሩ እንዲይዛቸው አያስገድዱትም። ስለዚህ ኤክሴፕሽኑ መልስ መስጠት የሚችል ክፍል እስኪያገኝ ወደ ላይ ይጓዛል። የጃቫን ኮድ ከዳታቤዝ ሠንጠረዦች ጋር የሚያዛምደው ሃይበርኔትም በሦስተኛው ትውልዱ፣ በ2005፣ ይህንኑ መንገድ ተከተለ።

ሃይበርኔት ግን የራሱን አዲስ ችግር ይዞ መጣ። መረጃን ሁሉ በአንዴ ከማምጣት ይልቅ ሲጠየቅ ብቻ ያመጣል፤ የደንበኛውን ስም ሲጭን ትዕዛዞቹን ለኋላ ያቆያል። ገጹ ትዕዛዞቹን ሊያሳይ ሲል ከዳታቤዙ ጋር ያለው ክፍለ ጊዜ ተዘግቶ ከሆነ ሌዚ ኢኒሺያላይዜሽን ኤክሴፕሽን ይነሣል። ብዙዎች መፍትሔ ያደረጉት ክፍለ ጊዜው ገጹ ተሠርቶ እስኪያልቅ ክፍት እንዲቆይ ማድረግ ነበር። ኤክሴፕሽኑ ጠፋ፤ ገጹ ግን በየመስመሩ አዲስ ጥያቄ ወደ ዳታቤዝ መላክ ጀመረ። ምልክቱ ሲጠፋ በሽታው የጠፋ የመሰለበት አንዱ አጋጣሚ ይህ ነው።

በብዛት ለሚጫን መረጃ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በስፕሪንግ ትራንዛክሽን፣ ማለትም በአንድነት በሚጸድቅ ወይም በአንድነት በሚሰረዝ ሥራ ውስጥ፣ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠ በቀር፣ ሥራው ወደ ኋላ የሚመለሰው መያዝ ግዴታ ያልሆነ ኤክሴፕሽን ሲነሣ ነው። መያዝ ግዴታ የሆነው ዓይነት ከተነሣ እስከዚያ የተጻፈው ይጸድቃል። ይህን የማያውቅ ሰው የጻፈው ኮድ አንድ ፋይል ከግማሹ ሲበላሽ የመጀመሪያውን ግማሽ ዳታቤዝ ውስጥ ትቶ ይወጣል፤ ፋይሉ ተስተካክሎ በድጋሚ ሲጫን ያ ግማሽ የተደገመ ቁልፍ ሆኖ ይጠብቃል። በ2008 የወጣው ስፕሪንግ ባች ለዚህ ሥራ ታስቦ ተሠራ። መረጃውን በትንንሽ ክፍል እየቆረጠ ይጭናል፤ የትኛው ዓይነት ስህተት እንደሚታለፍ፣ ስንት መስመር ከታለፈ በኋላ ሥራው መቆም እንዳለበት አስቀድሞ ይነገረዋል። ፋይል ሲያነብ የማይፈታ መስመር ካጋጠመው የሚያነሣው ኤክሴፕሽን የመስመሩን ቁጥርና የመስመሩን ሙሉ ጽሑፍ ይዞ ይወጣል። የካርዱ ጠርዝ ምልክት በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ይቻላል።

ከዚህ በኋላ ያለው ክፍል ኢትዮጵያን በቀጥታ ይመለከታል፤ ከሁሉም የሚጠናውም ይኸው ነው። የኢትዮጵያ መረጃ ወደ ጃቫ ሲገባ ስህተት የሚመስለው ነገር ብዙ ጊዜ ትክክለኛ ነው።

ቀን ዋናው ምሳሌ ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. እውነተኛ ቀን ነው፤ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ላይ ውሏል። በቅጽ ላይ በቁጥር ሲጻፍ 06/13/2015 ይሆናል። የቀድሞው የጃቫ ቀን አንባቢ፣ ሲምፕል ዴት ፎርማት፣ ለዘብተኛ ሆኖ የተሠራ ነው፤ 13ኛ ወር ሲያይ ወደ ቀጣዩ ዓመት ተሻግሮ ጃንዋሪ 6 ቀን 2016 ብሎ ይመዘግበዋል። ኤክሴፕሽን የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። እ.ኤ.አ. በ2014 ከጃቫ 8 ጋር የመጣው አዲሱ የቀን አሠራር ግን ወር ከ1 እስከ 12 ብቻ ነው ብሎ ኤክሴፕሽን ያነሣል። እዚህ ላይ አዲሱ ከአሮጌው ይሻላል፤ ሆኖም እሱም ሁልጊዜ አይናገርም። ጥቅምት 30 ቀን 2015፣ ማለትም 30/02/2015፣ በተለመደው ቅርጽ ሲነበብ አሮጌው ማርች 2 ሲለው አዲሱ ደግሞ ወደ ፌብሩዋሪ 28 ዝቅ ያደርገዋል። ጥብቅ ሁን ተብሎ ካልታዘዘ በቀር የማይገኘውን ቀን በዝምታ ያስተካክላል።

ጥብቅ እንዲሆን ቢታዘዝስ? በ2015 ዓ.ም. ከነበሩት 366 ቀናት ውስጥ ጥብቁ አንባቢ የሚመልሰው ስምንቱን ብቻ ነው፦ ጥቅምት 29ን፣ ጥቅምት 30ንና ስድስቱን የጳጉሜን ቀናት። የቀሩት 358 ቀናት በአውሮፓውያን አቆጣጠርም አቻ ቁጥር ስላላቸው ያለ አንዳች ተቃውሞ ያልፋሉ፤ ሁሉም ግን ወደ ስምንት ዓመት በሚጠጋ ጊዜ የተሳሳቱ ናቸው። መስከረም 12 ቀን 2015 የተወለደ ሕፃን ጃንዋሪ 12 ቀን 2015 እንደተወለደ ይመዘገብና በክትባት ዝርዝር ላይ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ ይታያል።

ስለዚህ በጳጉሜንና በጥቅምት መጨረሻ የሚነሣው ኤክሴፕሽን እንከን አይደለም፤ አቆጣጠሩ እንዳልተለወጠ የሚናገር ብቸኛው ምስክር ነው። ስምንቱን መስመሮች የማይነበቡ ናቸው ብሎ የሚያልፍ ኮድ ምስክሩን አስወጥቶ 358ቱን ሐሰተኛ መስመሮች ያስገባል። የስፕሪንግ ባች እስከዚህ ቁጥር ድረስ መስመር ማለፍ ይፈቀዳል የሚለው ገደብ እዚህ ላይ አደገኛ ይሆናል፤ ስምንት ከሦስት መቶ ስልሳ ስድስት ትንሽ ስለሆነ ማንም አይደነግጥም። የታለፉት መስመሮች ምክንያታቸው በአንድነት ሲታይ ግን፣ ሁሉም ጳጉሜንና የጥቅምት መጨረሻ ላይ መሆናቸው ነገሩን ወዲያው ይገልጠዋል። ልክ እንደ ሙከራ ሚዛኑ የ9 ብዜት፣ ስህተቱ የራሱን ፍንጭ ይዟል።

አቆጣጠሩን የሚያውቅ መሣሪያ የለም ማለት ግን አይቻልም። ጆዳ ታይም የሚባለው ላይብረሪ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ይዟል፤ ዩኒኮድን የሚከተለው አይሲዩ ላይብረሪም እንዲሁ፤ ለአዲሱ የጃቫ ቀን አሠራር ደግሞ ስሪቴን ኤክስትራ አለ። ጃቫ ራሱ ግን ከመደበኛው ሌላ አብሮት የሚመጣው የጃፓን፣ የታይላንድ፣ የታይዋንና የሂጅራ አቆጣጠር ብቻ ነው።

የፊደል ታሪክም ይመሳሰላል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በሦስተኛው እትም ነው፤ ጃቫ ያንን እትም የተቀበለው በ2002 በ1.4 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች ፊደሎቹን በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ ይሥሉ ስለነበር፣ የዚያ ዘመን ፋይል ዛሬ ሲጫን አንድም ኤክሴፕሽን ሳይነሣ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል። ጃቫ 1.4 ራሱ ለማይነበብ ፊደል ሦስት ምርጫ ሰጥቷል፦ አስታውቅ፣ ተካ፣ እለፍ። በዘወትሩ አጻጻፍ ግን ጽሑፍ ወደ ባይት ሲለወጥ የሚሠራው ሁለተኛው ነው፤ የማይታወቀው ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካል። ማይኤስኪውኤልም እስከ 8.0 እትም ድረስ መነሻው የላቲን ፊደል ነበር። በዚህ መንገድ አበበም ከበደም ሦስት ሦስት የጥያቄ ምልክት ሆነው ይገባሉ። ስም መለያ በሆነበት ሠንጠረዥ ሁለተኛው ሲመጣ የተደገመ ቁልፍ ኤክሴፕሽን ይነሣል፤ ኤክሴፕሽኑ የሚያመለክተው ዳታቤዙን፣ ጥፋቱ ግን የተፈጸመው ቀደም ብሎ፣ ጽሑፉ ወደ ባይት ሲለወጥ ነው። በ2022 የወጣው ጃቫ 18 በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ መነሻውን ዩቲኤፍ 8 በማድረጉ ከዚህ ጣጣ ብዙው ቀርቷል።

የቤተሰብ ስም ግዴታ ነው የሚሉ ቅጾችም እንዲሁ ናቸው። የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም የሚጽፍ ሰው ደንብ አልጣሰም፤ ደንቡ እሱን አላሰበውም።

በኢትዮጵያ ሥራ ላይ ካሉት ትልልቅ የጃቫ ሥርዓቶች አንዱ የጤና መረጃ የሚሰበሰብበት ዲኤችአይኤስ 2 ነው። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ፣ ምንጩ ክፍት የሆነ፣ በስፕሪንግና በሃይበርኔት ላይ የተገነባ ነው፤ ጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በአገር አቀፍ ደረጃ ይጠቀምበታል። የኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሚቀበላቸው አቆጣጠሮች አንዱ ነው። መረጃ ሲጫንበት የሚሰጠው መልስ ለዚህ ሙያ ጥሩ አብነት ይሆናል፦ ስንት እንደገባ፣ ስንት እንደተሻሻለ፣ ስንት እንደታለፈ፣ ስንት እንደተሰረዘ በቁጥር ይናገራል፤ ያልገባው ለምን እንዳልገባም ከነመለያው ይዘረዝራል። ባዶ ሠንጠረዥ አያሳይም፤ የፕሮግራሙን የውስጥ ዝርዝርም በተጠቃሚው ፊት አይዘረግፍም። ይህ አሠራር በዌብ ዓለም መደበኛ መልክ የያዘው ዘግይቶ ነው፤ የስህተት መልስ ምን ምን መያዝ እንዳለበት የወሰነው አርኤፍሲ 7807 የተባለው ሰነድ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሆን፣ ስፕሪንግ በስድስተኛው እትሙ በ2022 ተቀብሎታል።

ወደ ሜክሲኮ ሲመለሱ ደግሞ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውን የሚያደርግ ተቋም ይገኛል። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ዋና መሥሪያ ቤቱ በዚሁ አካባቢ በአልሳም ጨለለቅ ሕንፃ ነው። በየክልሉ ባሉት መጋዘኖች ቡና ሲደርስ ናሙናው በምስጢር ኮድ ይመረመራል፤ ቀማሹ የባለቤቱን ስም አያውቅም። እርጥበቱ ከተወሰነው መጠን ያለፈ ቡና ወደ መጋዘን አይገባም፤ ባለቤቱ ምክንያቱን እዚያው ይሰማል፣ አድርቆም ይመልሰዋል። የገባው ደረጃ ተሰጥቶት ደረሰኙ በኤሌክትሮኒክ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ አዲስ አበባ ያለው ገዢም ቡናውን ሳያይ በዚያ መዝገብ ተማምኖ ይገዛል። ምርመራው በር ላይ ባይሆን ኖሮ ገዢው የሚተማመንበት ነገር አይኖርም ነበር። የዳታ ጭነት ኮድም መረጃው በሩ ላይ ሳለ፣ ያመጣው ሰው ገና ሳይሄድ ቢጠይቅ ይሻለዋል፤ ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ፣ ፊደሉ በየትኛው ኮድ እንደተጻፈ መጠየቂያው ጊዜ ያ ነው።

የኢትዮጵያን መረጃ የሚቀበል ሥርዓት የሚሠሩ ሁሉ በመሞከሪያ መረጃቸው ውስጥ ጥቅምት 30ንና ጳጉሜን 6ን ያስገቡ፤ ሁለቱም ያለ ለውጥ ገብተው ያለ ለውጥ መውጣታቸውን ሳያረጋግጡም ሥራውን አያስረክቡ። ቀጣዩ ጳጉሜን 6 የሚውለው በ2019 ዓ.ም. ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027 ነው።